የሚጠዘጥዝ ዓይንና የማያመው የደም ሥር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቼ፣ በተለይ ቀኙ፣ ከውስጥ ይጠዘጥዙኛል። ሕመሙ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ማታ ይብሳል፤ ጨርቅ ለማምጣት ድሬዳዋ በምወርድበት ቀን ደግሞ ማቃጠልና መቆርቆር ይጨመርበታል። የቅርብ ማያ መነጽሬን የገዛሁት ከመንገድ ነው። መድኃኒት ቤት ሄጄ “የዓይንህ ደም ሥሮች ደክመዋል” ተብዬ ጠብታና የቪታሚን እንክብል ተሰጠኝ፤ ጠብታው መቅላቱን ቢያጠፋልኝም ጥዝጠዛው አልተወኝም። እናቴ ስኳር ነበረባት፤ በመጨረሻም ማየት ተስኗት ነው ያረፈችው። ከሰዓት ጫት እቅማለሁ። ሕመሙ ከምን ሊመጣ ይችላል? የዓይኔን ደም ሥሮችስ እንዴት ልጠብቃቸው?

ምላሽ፦ የላኩት ጥያቄ በውስጡ ሁለት ጥያቄ አለው፤ አንዱ ስለ ሕመሙ፣ ሌላው ስለ ደም ሥሮቹ። ሁለቱን ያስተሳሰረልዎ መድኃኒት ቤት የሰሙት ቃል ነው፤ እኔ ግን መልሴን የምጀምረው ሁለቱን በመለየት ነው። ዓይን ሲጠዘጥዝ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የደም ሥር አይደለም፤ የዓይን ውስጥ ደም ሥር ሲጎዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምንም አያምም። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ ምክንያቱን በጥቂቱ ላብራራ።

ዓይን ውስጥ ሕመም የሚሰማቸው ክፍሎች በአብዛኛው ከፊት በኩል ያሉት ናቸው። ብርሃን የሚገባበት ጥርት ያለው የፊት ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ ከመላው ሰውነታችን የሕመም ነርቭ ጫፎች እጅግ ከበዙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቀለም ያለው አይሪስ፣ ሌንሱን የሚቆጣጠረው ትንሽ ጡንቻ፣ የዓይን ነጩ ሽፋን፣ የዓይን ቆብና ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችም ሕመም ያውቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚነሳው ስሜት ወደ አንጎል የሚሄደው በአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ የመጀመሪያ ቅርንጫፍ በኩል ነው፤ ይኸው ቅርንጫፍ ግንባርን፣ ቅንድብን፣ የአፍንጫን ጫፍና ከዓይን አጠገብ ያሉትን የሳይነስ ክፍተቶች ስለሚያዳርስ፣ ከሳይነስ የተነሳ ሕመም “ዓይኔን” የሚያሰኝበት፣ ከዓይን የተነሳውም “ራሴን” የሚያሰኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከኋላ ያለው ሬቲና ግን ብርሃን ይቀበላል እንጂ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም። በስኳር ወይም በደም ግፊት የተነሳ የሬቲና ደም ሥሮች ሲያፈሱ፣ ሲደፈኑ፣ ሲደሙም ቢሆን ባለቤቱ የሚሰማው ነገር የለም። እናትዎም እይታቸው የደከመው “ዓይኔን አመመኝ” ሳይሉ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ሕመም ልምጣ። ሳልመረምር መወሰን ባልችልም፣ የነገሩኝ ነገር ሁሉ በመጀመሪያ የሚያመለክተኝ ወደ ዕድሜዎና ወደ ሥራዎ ነው። ዓይን ቅርብ ያለን ነገር ለማየት ውስጡ ያለውን ትንሽ ጡንቻ አጥብቆ የሌንሱን ቅርጽ መለወጥ አለበት። ይህ የማተኮር አቅም በ20 ዓመት ዕድሜ ከ10 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) በላይ ሆኖ ሳለ፣ በ46 ዓመት ግን ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ክርን መርፌ ውስጥ ለማስገባት ጨርቁን 33 ሳንቲሜትር ያህል ሲያቀርቡት ዓይንዎ 3 ዳዮፕተር ይጠየቃል፤ ይህም ካለው አቅም አብዛኛው ነው። ሰው ለረጅም ሰዓት ያለ ድካም ሊጠቀምበት የሚችለው ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሆነ በሙያችን ይታወቃል። ስለዚህ ጠዋት የሚችሉትን ሥራ ከሰዓት አይችሉትም፤ ጡንቻው ሲዝል ቅንድብና ግንባር ይከብዳል፣ ዓይን ከውስጥ ይጠዘጥዛል፣ ፊደል ወይም ስፌት ደብዘዝ ብሎ ተመልሶ ይጠራል። በጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር መስፋት፣ በዚያም ላይ አንድ አምፖል ከጀርባ በርቶ የእጅ ጥላ በስፌቱ ላይ መውደቁ ነገሩን ያባብሰዋል።

“መነጽር አለኝ እኮ” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከመንገድ የሚገዛ መነጽር መጥፎ ነው ብዬ አልሰብክም፤ ሁለቱ ዓይኖች እኩል ለሆኑለትና ሌላ ጉድለት ለሌለበት ሰው ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን በሁለቱም በኩል ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱ ዓይን ከሌላው የተለየ ከሆነ ወይም የኮርኒያው ቅርጽ ወጣ ገባ ከሆነ፣ አንደኛው ዓይን ሲያርፍ ሌላው ይለፋል። የእርስዎ ሕመም በቀኙ ማየሉ ይህን እንድጠረጥር ያደርገኛል። በተጨማሪ የመነጽሩ መስተዋት መሐል ከዓይንዎ መሐል ጋር ካልገጠመ፣ ሁለቱ ዓይኖች አንድ ነገር ላይ ለመገናኘት ያለማቋረጥ ይታገላሉ፤ ይህም በራሱ ጥዝጠዛ ያመጣል። ርቀት ጥሩ አያለሁ የሚሉ ብዙ ሰዎች በወጣትነታቸው በጡንቻ ጉልበት የሸፈኑት የቅርብ እይታ ጉድለት በ40ዎቹ ውስጥ ሲገለጥ ነው ወደ እኛ የሚመጡት፤ ይህን ጉድለት ያስታውሱት፣ ከታች ስለ አደገኛው ሕመም ስጽፍ እመለስበታለሁ።

ድሬዳዋ ሲወርዱ የሚጨመርብዎ ማቃጠልና መቆርቆር ግን ሌላ ነው፤ የእንባ ማነስ ወይም የእንባ ቶሎ መትነን ይመስለኛል። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደንገጎ ቁልቁል እንደወረዱ ሙቀቱ፣ ነፋሱና ከደቻቱ አሸዋ የሚነሳው አቧራ ዓይንን ያደርቃል፣ በክፍት ባጃጅ ሲሄዱ ደግሞ ሁሉም በቀጥታ ፊት ላይ ይነፍሳል። በሐረርም ቢሆን ስፌት ላይ ሲያተኩሩ የመርገብገቡ ቁጥር ይቀንሳል፤ ሰው እንደ ልቡ ሲቀመጥ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ከሆነ፣ በቅርብ ሥራ ላይ ወደ ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ያሉት የቅባት ዕጢዎች ሲደፈኑም እንባው ቶሎ ይተናል፤ ጠዋት ሽፋሽፍቱ ሥር ነጭ ቅርፊት ካዩ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ንጹሕ ጨርቅ ሞቅ ባለ ውኃ ነክሮ በተከደነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማኖር፣ ከዚያም የቆቡን ጠርዝ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ሰው ሠራሽ እንባም መጠቀም በቂ ነው። ሰው ሠራሽ እንባውን በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያደርጉት ከሆነ መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጡ።

የድሬዳዋን ጉዞ ካነሳሁ አይቀር አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ከሁለቱም ዓይኖች ኋላ የሚሰማና ዓይን ሲንቀሳቀስ የሚብስ ሕመም በድንገት ከትኩሳት፣ ከራስ ምታትና ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጋር ከመጣ የዓይን በሽታ ከመሆኑ በፊት ዴንጊ ሊሆን ይችላል። ዴንጊ ድሬዳዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በወረርሽኝ መልክ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ተነስቶ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ሲሆን የምትራባውም በርሜልና አሮጌ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ሲያጋጥም አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይወሰዱም፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። የእርስዎ ሕመም ግን ያለ ትኩሳት ወራት የቆየ በመሆኑ ከዚህ ጋር አላያይዘውም። ሳይነስም ዓይን ያሳምማል፤ ብዙውን ጊዜ ጎንበስ ሲሉ ይብሳል፣ አፍንጫም ይታፈናል። ማይግሬን ደግሞ በአንድ በኩል ይመታል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ለቆ ይመለሳል።

ሐኪም ሳያይዎት እንዲታለፍ የማልፈልገው አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ሕመሙ ማታ የሚብስ መሆኑ ነው ወደዚህ የመራኝ። ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ የሚወጣውም አይሪስና ኮርኒያ በሚገናኙበት ጠባብ ማዕዘን በኩል ነው። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ቀደም ብዬ ያነሳሁት የቅርብ እይታ ጉድለት ባለባቸውና ዓይናቸው አነስ ባለ ሰዎች ዘንድ፣ ይህ ማዕዘን ከተፈጥሮው ጠባብ ነው። ብርሃን ደብዘዝ ሲል ብሌን ይሰፋል፣ አይሪሱ ወደ ዳር ይሰበሰባል፣ ማዕዘኑም ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ዓይን ውኃ እየተቀዳበት መውጫው እንደተደፈነ በርሜል ይሆናል። ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የነበረው የዓይን ግፊት ወደ 40 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ይህ አንዳንዴ በከፊል ሆኖ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ማታ ማታ ይመጣል፤ ቅንድብ አካባቢ ይጠዘጥዛል፣ እይታ ጭጋግ ይሆናል፣ መብራት ሲያዩ በዙሪያው ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ይታያል፤ ተኝተው ሲነሱ ግን ሁሉም ነገር ስለሚጠፋ ሰው ድካም ነው ብሎ ይተወዋል።

ጫት እዚህ ላይ ይገባል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ፣ ብሌንንም የሚያሰፋ ንጥረ ነገር ነው። ጫት ብቻውን ግላኮማ፣ ማለትም ይህን የዓይን ግፊት ሕመም፣ ያመጣል ማለቴ አይደለም፤ ማዕዘኑ ጠባብ በሆነ ዓይን ግን በደብዛዛ ብርሃን በርጫ ላይ መቀመጥ ብሌንን በሁለት በኩል ያሰፋል። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። በመሆኑም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ “ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት አያለሁ” ወይም “አላይም” ብለው ይንገሩት፤ ማዕዘኑን በልዩ መስተዋት እንዲያይልዎም ይጠይቁ። ጠባብ ሆኖ ከተገኘ በሌዘር አይሪሱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈትና ፈሳሹ ሌላ መውጫ ያገኛል፤ ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ግን ሁኔታው ፍጹም ሌላ ይሆናል፤ ዓይን ደም ይለብሳል፣ ሕመሙ ራስን ሁሉ ይይዛል፣ ያስመልሳል፣ እይታም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ሰው በጨጓራ ወይም በራስ ምታት ስም መርፌ ተወግቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይቼ አዝኜ አውቃለሁ፤ በሰዓታት ውስጥ የእይታ ነርቩ ሊጎዳ የሚችል ድንገተኛ ሕመም ነው።

ሌሎቹ አደገኛ ሕመሞች በእርስዎ ገለጻ ውስጥ ባይታዩኝም ለሌላው አንባቢ ሲባል ላንሳቸው። ብርሃን ማየት አቅቶ፣ መቅላቱ በኮርኒያ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ብሌኑ ጠቦ የሚጠዘጥዝ ዓይን የውስጠኛው ሽፋን ብግነት ሊኖርበት ይችላል፤ ሳንባ ነቀርሳን የመሰሉ በሽታዎች ከጀርባው ስለሚኖሩ ምርመራው ከዓይን አልፎ ወደ ደረትና ወደ ደም ይሄዳል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ወደ ቅንድብና መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ዓይንን ሲነኩት የሚብስ ጥልቅ ሕመም የነጩ ሽፋን ብግነት ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመገጣጠሚያ በሽታ ጋር ይመጣል። ዓይንን ሲያንቀሳቅሱ የሚያም፣ ቀይ ቀለም በአንዱ ዓይን የደበዘዘ ሆኖ የሚታይበት ሕመም የእይታ ነርቭ ብግነት ሊሆን ይችላል። ግንባር ላይ በአንድ በኩል ብቻ የወጣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ማለትም አልማዝ ባለጭራ፣ የአፍንጫን ጫፍ ከነካ ዓይኑም ውስጥ የመግባቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። በእሾህ ወይም በጭራሮ ተጭሮ ኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ የታየበት ዓይን ደግሞ የፈንገስ ቁስል ሊኖርበት ስለሚችል አንድ ሌሊት እንኳ አይታደርም። ለእርስዎ ሙያ የሚሆን አንድ ነገርም አለ፤ የስፌት መኪና መርፌ ሲሰበር የሚፈናጠረው ስባሪ ዓይን ውስጥ ገብቶ በላይ በኩል ትንሽ ነጥብ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ መርፌ ተሰብሮ ከዚያ በኋላ ሕመም ከተሰማዎ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ዓይኑን ሳያሹ ወዲያው ይሂዱ።

ስለ ጠብታው ሳልናገር ወደ ደም ሥሮቹ አልሻገርም። መቅላትን በፍጥነት የሚያጠፋ ጠብታ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ዓይነት በዓይን ነጭ ላይ ያሉትን ትንንሽ ደም ሥሮች ለጊዜው የሚያኮማትር ሲሆን፣ ኃይሉ ሲያበቃ ደም ሥሮቹ ከበፊቱ ብሰው ይቀላሉ፤ ሰውም እንደገና ይጨምርበታል። እንዲህ ያለው ጠብታ ደም ሥሮችን አያጠነክርም፣ ከቀድሞው የባሰ ቀይ ያደርጋቸዋል እንጂ። ሁለተኛውና ይበልጥ የምፈራው እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ የያዘው ነው። ለሳምንታት ሲወሰድ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ በጥቂቶች ዘንድ ደግሞ በጣም ከፍ ያደርገዋል፤ ግፊቱ ቀስ ብሎ ሲጨምር ስለማያም ባለቤቱ የሚያውቀው የእይታው ዳር ከጠፋ በኋላ ነው። ሲቆይም የዓይን ሞራ ያመጣል፣ የቫይረስና የፈንገስ ቁስል ላይ ሲጨመርበት ኮርኒያውን ያበላሻል። ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ፤ ሌላ ሁለተኛ ጠርሙስ አይግዙ፤ ስቴሮይድ ከሆነ ግፊትዎ ተለክቶ እንዴት እንደሚቆም ሐኪሙ ይወስናል። በየቤቱ የሚገኘው የቲቲሲ ቅባትም ለባክቴሪያ እንጂ ለጥዝጠዛ አልተሠራም። ኩልን በተመለከተ፣ በባሕላችን ውበት ቢሆንም ከአንዳንድ ኩል ውስጥ እርሳስ ስለሚገኝ የታመመ ዓይን ላይ፣ ይልቁንም የሕፃናት ዓይን ላይ ባይደረግ እመርጣለሁ።

አሁን የደም ሥሮቹን ጥያቄ ልመልስ። ሄልምሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይንን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ሐኪም ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና የሰውን ደም ሥር በዓይኑ ሊያይ የሚችልበት ቦታ ሬቲና ሆኗል። እዚያ የምናየው ጉዳት በኩላሊትና በአንጎል ውስጥም እየሆነ ያለውን ይጠቁመናል። በዚህም ምክንያት ለዓይን ደም ሥር ብቻ የሚሆን የተለየ መጠበቂያ የለም፤ የሚጠበቁት ሌሎቹ ደም ሥሮች በሚጠበቁበት መንገድ ነው። የስኳር መጠን ለዓመታት ከፍ ሲል የትንንሾቹን ሥሮች ግድግዳ ያዳክማል፣ ፈሳሽ ወደ ሬቲና ይወጣል፣ አንዳንዶቹ ይደፈናሉ፤ ደም ያጣው ሬቲና አዲስ ሥር እንዲበቅል ምልክት ይልካል፣ አዲሶቹ ሥሮች ግን ልል ስለሆኑ ይደማሉ። የደም ግፊት ደግሞ ደም አምጪዎቹን ያወፍራል፤ ደም አምጪውና ደም መላሹ በሚሻገሩበት ቦታ ላይ የወፈረው የሳሳውን ይጫነዋል፣ ደም መላሹም በዚያ ይደፈናል።

የእናትዎ ታሪክ ለእርስዎ ትልቅ ነገር ነው። ወላጁ ስኳር የነበረበት ሰው ከሌላው ይልቅ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ዓይነት ሁለት የተባለው ስኳር ደግሞ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በ46 ዓመትዎ በባዶ ሆድ የደም ስኳር ይለኩ፤ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ ስኳር ነው፣ ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ ወደዚያ እየተጓዙ መሆኑን ያሳያል። ስኳሩ ከተገኘ የሬቲና ምርመራ በዚያው ጊዜ መደረግ አለበት፣ ከዚያም በየዓመቱ። የደም ግፊትዎንም ያስለኩ፣ ነገር ግን ከበርጫ በኋላ ሳይሆን ጠዋት፣ በተለያዩ ቀናት። በእንግሊዝ አገር በስኳር ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ የደም ግፊታቸው ጠበቅ ብሎ የተያዘላቸው ሕመምተኞች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የሬቲናቸው መባባስ በ34 በመቶ፣ የእይታቸው ማሽቆልቆል በ47 በመቶ ቀንሷል። የዓይን ደም ሥርን ስለመጠበቅ ስጠየቅ ከማንኛውም እንክብል አስቀድሜ የማነሳው ይህን ነው።

የቪታሚን እንክብሉ ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ ገንዘብዎን ግን ይወስዳል። ቪታሚን ኤ ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል፣ ኮርኒያም ይደርቃል፤ ካልጎደለ ግን መጨመሩ ደም ሥርን አያጠነክርም። ያንን ገንዘብ የደም ግፊት ለማስለካትና በባዶ ሆድ ለሚደረገው የስኳር ምርመራ ቢያውሉት ይሻላል። ሲጋራና ሺሻ ደም ሥር ያጠባሉ፤ የሚያጨሱ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሚቆመው እርሱ ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ቢሆን ይመከራል። ስለ ጫት እቅጩን ልናገር፦ አቁሙ ብዬ የማዘው ሁሉ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ግን ጫቱን ተከትሎ የሚጠጣው ለስላሳ በአንድ ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር ይዞ እንደሚመጣ፣ ከምርቃናው በኋላም እንቅልፍ እንደሚጠፋና ግፊቱም ለሰዓታት ከፍ ብሎ እንደሚቆይ ይወቁ። ቢያንስ ለስላሳውን በውኃ ይተኩት፣ የሚቅሙትን መጠንና ቀናት ይቀንሱ፤ ግፊትዎ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ምክሬ ማቆም ነው። በረመዳን ወርም ሆነ በዐቢይ ጾም የግፊት፣ የስኳር ወይም የግላኮማ መድኃኒታቸውን በራሳቸው ፈቃድ የሚያቋርጡ ሰዎች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል፤ ሰዓቱን ከሱሑርና ከኢፍጣር ወይም ከጾም መፍቻው ጋር ማስተካከል ስለሚቻል ከመጀመሩ በፊት ሐኪምን ማማከር፣ ጠብታ ጾም ያስፈታ እንደሆነም የሃይማኖት መሪዎችን መጠየቅ ይሻላል።

የደም ሥር ሕመም የሚናገረው በሕመም ሳይሆን በእይታ ነው። በአንድ ዓይን በድንገት ማየት ማቆም፣ ጥቂት ደቂቃ ጨልሞ መመለስ፣ ከላይ ወይም ከጎን መጋረጃ እንደወረደ መሆን፣ ጥቁር ነጠብጣቦች በብዛት መታየት፣ ቀጥ ያለ የስፌት መስመር ተጣሞ መታየት፤ እነዚህ ምንም ባያሙም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይጠይቃሉ። ጥቂት ደቂቃ ጨልሞ የተመለሰ ዓይን አንገት ላይ ያለው ትልቁ ደም አምጪ መጥበቡን ሊያመለክትና ከስትሮክ በፊት ሊመጣ ይችላል። ሲያም የሚታይ የደም ሥር በሽታም አለ፣ ግን ብዙ አይደለም፦ የሬቲናው ዋና ደም መላሽ ተደፍኖ ከቆየ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ገደማ፣ አይሪስ ላይ በበቀሉ ሥሮች የሚመጣ ከባድ ግላኮማ፤ የአንገቱ ደም አምጪ ጠቦ ሲቀመጡ የሚጠዘጥዝና ሲጋደሙ ቀለል የሚል ዓይን፤ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ደግሞ ከጆሮ በላይ ያለው የራስ ጎን ሲነካ የሚያምበት፣ ሲያላምጡ መንጋጋ የሚደክምበት የደም ሥር ብግነት። የመጨረሻው ሕክምናው ከዘገየ ሁለቱንም ዓይኖች በቀናት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል።

ከዓይን ውጪ በሚታየው ነጭ ላይ ድንገት ደም የፈሰሰ የሚመስል ቀይ ቦታ ግን ሰውን የሚያስደነግጠውን ያህል አያስፈራም፤ አያምም፣ እይታ አይነካም፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። የደም ግፊት ማስለካት ብቻ ይበቃዋል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ይንገር።

የሚቀጥለው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። የዓይን ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ሲሄዱ መነጽሩን፣ የጠብታውን ጠርሙስና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይያዙ። በቅድሚያ ለርቀትም ለቅርብም እይታዎ በሁለቱም ዓይኖች ለየብቻ ይለካ፤ ጨርቅ የሚይዙበትን ርቀት በእጅዎ ያሳዩ፣ መነጽሩ የሚሠራው ለዚያ ርቀት ነውና። ከዚያ የዓይን ግፊት፣ ቀጥሎም ማዕዘኑ ይታይ፤ ማዕዘኑ ሰፊ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎ ሬቲናዎና የእይታ ነርቩ ይመርመር። ጠብታው ከተደረገ በኋላ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ቅርብ ያለ ነገር ጥርት ብሎ አይታይም፣ ፀሐይም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ለደንበኛ ልብስ በሚያስረክቡበት ቀን አይሂዱ፣ ሞተር ብስክሌትም አይንዱ፣ የሚመልስዎ ሰው ይዘው ይሂዱ። አዲሱ መነጽር ከመጣ በኋላ በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው ሩቅ ይመልከቱ፣ መብራቱንም በማይሰፉበት እጅ በኩል ከትከሻ በላይ ያድርጉት። ጥዝጠዛው በአንድ ወር ውስጥ ካልቀነሰ ተመልሰው ይታዩ፤ ከዚያ በፊት ማታ ቀለበት ካዩ፣ ካስመለስዎ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።